ክቡርነታቸውና ባዶው ስላይድ

ውድ መሣሪያ በተቀመጠበት ክፍል ሁሉ፣ መሣሪያውን እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብቅ አንድ ሰው አይታጣም።

በዚህ ቤተ ሙከራ እኚህ ሰው የሌዘር ማይክሮስኮፑ ኃላፊ ናቸው፤ ተማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት “ክቡርነታቸው” ይሏቸዋል። በራቸው ላይ “አንኳኩ” የሚል ወረቀት አለ፤ ከሥሩ “ካንኳኳችሁ በኋላ ጠብቁ”፤ ከዚያ ሥር ደግሞ “ጠብቁ ማለት ጠብቁ ነው” ይላል። ማስነጠስ ክልክል ነው። አንድ ፕሮፌሰር ሽቶ ተቀብተው መጥተው ከደጅ ተመልሰዋል ይባላል።

ተማሪዋ በሳቸው ምክንያት ስንት ቀን ጥርሷን ነክሳለች። የመመረቂያ ጥናቷ የልብ ጠባሳ ላይ ነው፤ ሥጋን ደግፎ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን፣ ያለ ምንም ቀለም፣ በሌዘሩ ብርሃን ብቻ ክር ክር ሆኖ ሲያበራ ፎቶ ታነሳዋለች። ናሙናዋን ስላይድ በሚባለው ስስ መስታወት ላይ አድርጋ በገባች ቁጥር ግን ያው ነው።

“ባዶውን አስቀድሚ።”

“ጋሼ፣ ባዶ ስላይድ ላይ ምን ሊታይ ነው?”

“ምንም አለመታየቱን ነዋ የምናየው!”

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ዞር ባሉላት ቁጥር ባዶውን ዘለለችው። ምስሎቿ ሲያምሩ ለጉድ ነው። ጥናቷን ልታስገባ ስድስት ቀን ሲቀራት ክቡርነታቸው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡና “ይሄ ክር ከጠባሳው ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?” አሉ። ባዶው ስላይድ ገባ። እሱም ላይ ያው ዓይነት ክር ቁጭ ብሎ ያበራል። ለካ የልብስ ጥጥ ነው፤ ጥጥም በዚያ ብርሃን ልክ እንደ ኮላጅን ያበራል። የሦስት ሳምንት ሥራ ገደል ገባ።

አማካሪዋ ፊታቸው ተለዋውጦ መጡ። “ይሄ የማን ዝርክርክነት ነው? የሷ ከሆነ ዘንድሮ መመረቅ የለም!”

ተማሪዋ ወደ ክቡርነታቸው ዞር አለች።

“የኔ ነው” አሉ ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው። “መጥረጊያ ጨርቄ አርጅቶ ክር ይጥላል። ስድስቱንም ቀን መሣሪያው የሷ ነው፤ እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ።”

ጨርቃቸው ክር ጥሎ አያውቅም። የሚጥለው የተማሪዋ ሹራብ እጅጌ ነበር። አማካሪዋ እንደወጡ ክቡርነታቸው እጅጌውን አየት አድርገው፣ የራሳቸውን ጋዋን አውልቀው ሰጧት።

እንባዋ መጣ። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ይሄን ውለታ መቼም አልረሳውም።”

“እንባ ጨው አለው፤ ከመሣሪያው ራቅ በይ!”

ምስሎቹ እንደገና ተነሡ፤ እንደ በፊቶቹ አላማሩም፣ እውነተኛ ግን ነበሩ። ተማሪዋም ተመረቀች። ጋዋኑን እስከ ዛሬ አልመለሰችም። አንዲት የስላይድ ክዳን ስትጠፋ ቤቱን ቀውጢ የሚያደርጉት ሰውዬም እስከ ዛሬ አልጠየቋትም።