መሽጎ የዋለው ቀንድ አውጣ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ቤትህ የሚገባውን ሁሉ ምን እንደሚበላ ሳትጠይቅ አታስገባ» ማለት ያበዛ ነበር። ይህን የሚለው ስለ ውሻም፣ ስለ በቅሎም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቅ ስለ መጣ ሰው ነው። እኔ በስተርጅና ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ እጠይቅበታለሁ ብሎ ማን ያስባል? መርሳ ላይ ጎማ የሚለጥፍን ሰው ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?

ያገናኘኝ ይመር ነው። የባለቤቴ የየሺ ወንድም ነው፤ በከባድ መኪና ጅቡቲ ይመላለሳል። ጦርነቱ ወደኛ በመጣ ጊዜ ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ፣ የሺ ወንድሟ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ወራት አለቀሰች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መንገዱ ሲከፈት ይመር ራሱ ከች አለ፤ ያውም የመስታወት ሳጥን አቅፎ። ሳጥኑ ውስጥ የባሕር ውሃ፣ ነጭ አሸዋና ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች አሉበት። እኔ መንገድ ላይ ስሆን እነዚህን እያየሽ ተጽናኚ፣ አታልቅሺ ብሏት ሄደ። የሺ ቃሉን ከሚገባው በላይ ያዘችው። ዓሦቹ ደህና ከሆኑ ይመርም ደህና ነው። አንዱ ምግብ ከተወ ያን ቀን እኛም ቤት ምግብ የለም። መብራት ሲጠፋ አየር እንዳያጥራቸው፣ ነፋስ የሞላሁትን የጎማ ከመነዳሪ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያልኩ አስተነፍስላቸዋለሁ። የጭነት መኪና ጎማ ለዓሣ ሳምባ ሲሆን አይታችኋል?

ዳሩ ምን ይሆናል፣ አሸዋው ጠቆረ፤ ሸተተ። አንደኛው ዓሣ ጥግ ይዞ ቀረ። የሺም ጥግ ይዛ ቀረች። ይመርን በስልክ ስንጠይቀው አሸዋ የሚያጸዱ የባሕር እንስሳት አሉ፣ ምረጡና በሰው ልላክላችሁ አለ። ለሹመት እንደታጩ ሰዎች አንድ በአንድ ቀረቡልን።

መጀመሪያ ጎርምጥ፣ ሸርጣን የሚሉት፣ ቀረበ። ቆሻሻ ይለቅማል፣ ግን ሲከፋው ዓሣ በመቆንጠጫው ይይዛል አለን። ጠብ ጠግበናል ብዬ አለፍኩት። የራሱ ቅርፊት የሌለው፣ የሌላ ባዶ ቤት ሲያገኝ ገብቶ የሚኖር ሌላ ጎርምጥም አለ አለ። የሺ ስልኩን ነጥቃኝ፣ እኛም በሸሸን ጊዜ ቤታችን ገብተው የኖሩ እንደነበሩ፣ ድስቷንም እስካሁን እንዳላገኘች ነገረችው። ሦስተኛው ኪያር የሚመስል ነው፤ አሸዋ ውጦ፣ አጽድቶ ያወጣል። ደስ አለኝ። ግን ከደነገጠ ሆድ ዕቃውን ይተፋና ሳጥኑን በሙሉ ይመርዛል ሲል ደስታዬ አለቀ። እዚህ አገር ማን ሳይደነግጥ ውሎ ያድራል?

የተረፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ምን ይበላል አልኩት። ዓሦቹ ያስተረፉትንና የበሰበሰውን ነው አለኝ። ጠባዩስ?

«ጋሼ፣ ጠባዩ አንደኛ ነው። አሸዋ ውስጥ መሽጎ ይውላል፤ ምግብ ሲሸተው ብቻ ብቅ ይላል።»

መሽጎ የምትለዋን ቃል ወደድኳት፤ ያዝኳት። መዘዟን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ጸሎት በማደርስበት ቤት ቀንድ አውጣ ማስገባቱ ግን ከበደኝና የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ልትበላው ነው ወይ አሉኝ። ኧረ አባ፣ እሱ ነው የኛን ቆሻሻ የሚበላው አልኳቸው። ቆሻሻችንን በልቶ ዝም የሚል ከተገኘማ አስገባው አሉኝ።

የይመር ጓደኛ ወልድያ ድረስ አመጣልኝ፤ በለውዝ ቅቤ ብልቃጥ፣ ከታች አሸዋ፣ ከላይ ውሃ፣ በወረቀት ደግሞ ቁንጥር የደረቀ ዓሣ። ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጣሪያው ላይ የተፈናቃዮች ፍራሽ ተጭኗል፤ እኛም እንዲሁ ፍራሽ ተሸክመን ወጥተን ስለነበር አንገቴን ደፍቼ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሲሪንቃ ሳንደርስ ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ብልቃጡን አንስቶ ምንድነው አለኝ። ሠራተኛ አለበት አልኩት። አሸዋና ውሃ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ታዲያ የታለ? አለኝ።

«መሽጓል» አልኩት።

እስቲ በጦርነት አገር ኬላ ላይ ቆሞ ይህን ቃል ማን ይናገራል? ፈታሹ ብልቃጡን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀምጦ ራቀ። ተሳፋሪው ከብልቃጡም ከእኔም ራቀ። ጎኔ ተቀምጠው የመጡት እናት፣ ከማን ጋር ነው ስሄድ የቆየሁት እያሉ አማተቡ። ይደፋ የሚል ትእዛዝ መጣ። ከተደፋ ለየሺ ምን ልበላት? ይህን ጊዜ አንድ የሸበቱ ሚሊሻ ጠመንጃቸውን አንግተው ቀረቡ። አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላሳይዎ ብዬ ለመንኳቸው። ክዳኑን ከፍቼ ከደረቀው ዓሣ ቆንጥሬ ጣልኩበት።

ምንም የለም። በልቤ እመቤቴን ለመንኳት፤ ስለ ቀንድ አውጣ ስትለመን የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አሸዋው ነቅነቅ አለ። ክር የመሰለ አፍንጫ ብቅ አለ፤ ቀጥሎም ባለቤቱ ከነቅርፊቱ ወጥቶ፣ ጠመንጃም ሰውም ሳይገደው ወደ ምግቡ ተጓዘ።

ሚሊሻው በርከክ ብለው አዩት። ቀና ብለው ጣሪያው ላይ ያለውን ፍራሽ አዩ፤ መልሰው ብልቃጡን አዩ። ከዚያ ተነሥተው ለጓደኞቻቸው እንዲህ አሉ፦

«ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የወጣ ተፈናቃይ ነው፤ አሳልፉት።»