የላይ ሰፈር ቦኖ ቁልፍ ያዥ ምርጫና ስረዛው

ቀን፦ እሑድ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ፉሪ፣ የላይ ሰፈር እድር አዳራሽ
የተጠራበት ሰዓት፦ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡40

የተገኙ፦
1. አቶ ከድር፣ ባለሱቅ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ወጋየሁ፣ ጡረተኛ፣ እስከ ዛሬ የቦኖው ቁልፍ ያዥ፣ ዕጩ
3. ወ/ሮ ገዲሴ፣ ለግንበኞች የድንች ቁርስ ሻጭ፣ ዕጩ
4. ሞልቱ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ በየአጀንዳው ተቃዋሚ
5. ሌሎች አስራ አምስት ነዋሪዎች
6. ምስጢር፣ ጸሐፊ (ጽሑፏ ይነበባል ተብላ የተመረጠች)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ለምርጫ ሠላሳ ሰው ያስፈልጋል። የተገኘው ስላልበቃ ሰብሳቢው ቦኖው ጋ ወረፋ የያዙት ጀሪካኖች ባለቤቶቻቸውን እንደሚወክሉ አስታወሱ። በወረፋ የሚወክል በስብሰባ የማይወክልበት ምክንያት የለም ብለዋል። ሞልቱ ወጥቶ ቆጥሮ ሲመለስ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ተገኘ። ክዳን የሌለው ጀሪካን ድምፅ ይሰጣል ወይ ሲል ጠየቀ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጀሪካን መገኘት እንጂ መምረጥ እንደማይችል ተወስኗል።

አጀንዳ 1፦ ምርጫው ስላስፈለገበት ምክንያት

ወ/ሮ ገዲሴ ግንበኞቹ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ፈልገው እንደሚመጡ፣ ቦኖው ግን የሚከፈተው አንድ ተኩል ላይ አቶ ወጋየሁ ሲነሱ መሆኑን አስረዱ። ግንበኞቹ ወደ ታች ሰፈር መሄድ ስለጀመሩ፣ እንዲህ ከቀጠለ ቁርስ ቤታቸውን እንደሚዘጉና ልጆቻቸውን የሚያበሉበት ሌላ ገቢ እንደሌላቸው ተናግረዋል።

አቶ ወጋየሁ በጠዋት ውሃው ራሱ እንደሚያንቀላፋና ግፊት እንደማይኖረው መልሰዋል።

ወ/ሮ ገዲሴ፣ “ጋሼ፣ የሚያንቀላፉትስ እርስዎ ነዎት። ቧንቧው ሲያንኮራፋ ሰምቼ አላውቅም” ብለዋል።

ሰብሳቢው “ሲያንኮራፋ” የሚለው ቃል እንዲሰረዝ ጠየቁ። ሆኖም አምና በተደረገው ስብሰባ ከቃለ ጉባኤ ምንም ነገር እንዳይሰረዝ ስለተወሰነ አልተሰረዘም።

አጀንዳ 2፦ ዕጩዎችን ስለመለመን

በሰፈሩ ልማድ ዕጩ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፤ በየጊዜው ይለመናል፤ ከዚያ እያዘነ ይቀበላል። ወ/ሮ ገዲሴ ገና ሲጠየቁ “እሺ” በማለታቸው ቤቱ ደነገጠ።

ሞልቱ፣ “እትዬ፣ ትንሽ እንኳ አይከብድሽም? መጀመሪያ ‘አልችልም’ ይባላል እንጂ!” ብሏል።

ወ/ሮ ገዲሴ፣ “ልጄን ልድር ነው እንዴ የምለመነው? ቦኖ ልከፍት ነው” ሲሉ መልሰዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ እሺታቸው ከተግሣጽ ጋር ተመዝግቧል።

አቶ ወጋየሁ ግን በልማዱ መሠረት መጀመሪያ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ገለጹ፤ ተለመኑ። ቀጥሎ ዕድሜያቸው መግፋቱን ገለጹ፤ ተለመኑ። ሦስተኛውን እምቢታ ሲናገሩ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለመታው ማንም አልሰማቸውም፤ ስለዚህ ማንም አልለመናቸውም። ጸሐፊዋ አጠገባቸው ስለነበረች ሰምታ ጽፋለች።

ዝናቡ ሲያባራ ሰብሳቢው የተጻፈው እንዲነበብ አዘዙ። ጸሐፊዋ፣ “አቶ ወጋየሁ ቁልፉን በፍጹም እንደማይፈልጉ ገልጸዋል” የሚለውን አነበበች።

አቶ ወጋየሁ፣ “አንቺ ልጅ! እሱ እኮ ለወጉ ነው። የአፍ እምቢታ ይጻፋል እንዴ?” ብለዋል። እንዲሰረዝላቸውም ጠየቁ። የአምናው ውሳኔ ተነበበላቸው። የአምናውን ውሳኔ ያቀረቡት ራሳቸው መሆናቸውን ሞልቱ አስታውሷል።

አጀንዳ 3፦ ድምፅ ስለመስጠት

አቶ ወጋየሁ እየፈለጉ የማይፈልጉ ዕጩ እንደሆኑ ወደ ድምፅ ተገባ። “ለወ/ሮ ገዲሴ” ሲባል ሁሉም እጁን አወጣ፤ ልጆቻቸውን ያውቃቸዋልና። “ለአቶ ወጋየሁ” ሲባልም ሁሉም አወጣ፤ አጠገቡ ተቀምጠዋልና። ሁለቱ ዕጩዎችም ለጨዋነት አንዳቸው ለሌላው፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ለራሳቸው አውጥተዋል። ውጤቱ እኩል ሆነ።

ሞልቱ ይሉኝታ እንዳይኖር ዓይን ተጨፍኖ እንዲመረጥ ሐሳብ አቀረበ። ቆጣሪው ካየ ምስጢርነቱ ይፈርሳል ስለተባለ ሰብሳቢው ጭምር ጨፈኑ። ሁለቱም ስሞች ተጠሩ፣ እጅ ወጣ፣ እጅ ወረደ፣ ዓይን ተገለጠ። ከዚያ በኋላ ማን እንዳሸነፈ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ጸሐፊዋ እየጻፈች ስለነበር አልጨፈነችም። ሆኖም ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም።

አጀንዳ 4፦ የመጨረሻ ውሳኔ

ከረጅም ጭቅጭቅ በኋላ ምርጫው፣ እሺታው፣ እምቢታው፣ የጀሪካኖቹ ውክልና፣ ስብሰባው መጠራቱም ራሱ እንዳልነበሩ እንዲቆጠሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። የተጻፈው ግን አይሰረዝም።

ይህ ሲሆን ቦኖው ቁልፍ ያዥ የሌለው መሆኑን ሰብሳቢው ደርሰውበት ተጨነቁ። አቶ ወጋየሁ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ቁልፉ ማንም ሰው ጋ ሳይሆን ከቃለ ጉባኤው ጋር ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ገለልተኛ ሐሳብ ነው ተብሎ ጸደቀ። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነ አልተወሰነም። ቃለ ጉባኤው የት እንደሚያድርም የጠየቀ የለም።

ስብሰባው 7፡10 ላይ፣ ወረፋ የያዙ ጀሪካኖችን ጎርፍ ወስዷል የሚል ወሬ በመምጣቱ ተበትኗል።

የጸሐፊ ማስታወሻ፦ ቃለ ጉባኤው የሚያድረው ጸሐፊዋ ቤት ነው። አቶ ወጋየሁ ቁልፉን ሲያስረክቡ፣ “ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?” ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ፣ “አስራ አንድ ተኩል” አለች። “አስራ አንድ አድርጊው። ድንቹ ቶሎ አይበስልላትም” ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ሄዱ።

ደግሞም፣ ዓይን ተጨፍኖ “ለወ/ሮ ገዲሴ” ሲባል ከሁሉም ቀድሞ የወጣው እጅ የአቶ ወጋየሁ ነበር። ከቃለ ጉባኤ ምንም ስለማይሰረዝ ይህም አይሰረዝም።

ምስጢር፣ ጸሐፊ