ለዘር የተባለው በቆሎ

የሠራውን ሳይቀምስ ሁልጊዜ የተሻለውን የሚጠብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከአንዱ ጋር ግቢ እጋራለሁ። ጋሽ ሰዒድ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ጣፋጭ በቆሎ ያዳቅላሉ። የአንዱን ተክል የአበባ ብናኝ በሌላው ፀጉር ላይ ያራግፉና፣ ባዕድ ብናኝ እንዳይገባበት በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑታል። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትሸፈንም!

እሸቱ ሲደርስ ግቢው በሙሉ ምራቁን ይውጣል። እሳቸው ግን «ለዘር ነው» ብለው እስኪደርቅ ይጠብቁና መልሰው ይዘሩታል። አይቀምሱ፣ አያቀምሱ።

«ታዲያ መጣፈጡን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ሲደርቅ እንደ እኔ ፊት ከተጨማደደ ጣፋጭ ነው።»

ዘንድሮ ከሁሉ ባማረው ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። ባለፈው አርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ አዩት፤ እሸትነቱ ሊያልፍ ነው። አንጀታቸው አልቻለም። ቆርጠው፣ ቀቅለው፣ በሳህን ይዘው በጋሽ ሰዒድ በር ላይ ጠበቋቸው።

«ጋሽ ሰዒድ፣ እርስዎ ሳይቀምሱት ሊደርቅብዎ አልነበር?»

የስንት ክረምት ልፋት ጨው ተነስንሶበት ይተናል! ጋሽ ሰዒድ ሳህኑን አዩ፤ የእትዬ ከድጃን ፊት አዩ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ገመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አላመጡ።

«ጣፈጠ?» አሉ እትዬ ከድጃ።

«ማር ነው» አሉ። እፎይ፣ በመጨረሻ ተገላገሉ አልኩ በልቤ።

«የፍሬው ልጣጭ ብቻ ጥርስ ውስጥ ይገባል» አሉና ለቀጣዩ ዘር ባዶ ባልዲ ፍለጋ ተነሱ።