የሚያስረሳው እብቅ

ማስነጠስ እንደሚያስረሳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ምርምሩ ሲካሄድ እኔም እዚያው ነበርኩ። በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር ለመጣ አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። ሰውዬው ሁለት ነገር ይመረምራል፤ ሰው ለምን እንደሚረሳና የገብስ እብቅ ለምን እንደሚያስነጥሰው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኟቸው አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው።

መሪጌታ ገብስ ከሚወቃበት አውድማ ዳር ተቀምጠው ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ደገሙለት። ሐኪሙ እየተደነቀ ጻፈ። "ልጅዎስ ጠመንጃውን ይዞ ወዴት ሄደ?" ሲላቸው ግን አስነጠሳቸው።

"ይማርዎ!" አልኩ።

"ያኑርህ ልጄ። ምን ነበር ያላችሁኝ? ልጅ አለኝ እንዴ?"

ከዚያ ወዲያ ስለ አርበኛ የተጠየቀ ሁሉ ያስነጥሰው ጀመር፤ ገብስ በሌለበት እንኳ። ሐኪሙ ትልቅ ነገር አገኘሁ ብሎ ሦስት ደብተር ሞላ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተስ? አርበኞቹ ጉና ላይ የት እንደመሸጉ ታውቃለህ?"

አስነጠሰኝ።

"ይማርህ!" አለኝ በጠራ አማርኛ። ለካ ቃሏን ከእኔው ለምዷት ኖሯል! ከዚያም መልሱን እየጠበቀ አፍ አፌን ያየኝ ጀመር። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ጣሊያንን በገዛ አገሬ፣ በገዛ አፌ "ያኑርዎ" ልበለው?

መልሱን ረሳሁት።