አንገቱ የወንድ ነው

ወንድ ልጅ ከፍጥረት ጀምሮ ለዚህ ዓለም የሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ዶሮ ማረድ! ሌላውን ሴት ትሠራዋለች፣ እሱ ያወራዋል። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል" ይሉ የለ? ምኑ ነው በወንድ የሚያልቀው? የዶሮው አንገት! አትቆጡ... እኔ እሷንም አልቻልኳትም።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ታላቅ እህቴ ትርሲት ከሳሪስ አቦ ገበያ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝታ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ በሚኒባስ ኮዬ ፈጬ ድረስ አምጥታዋለች። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። በረንዳው ብረት ላይ አሰረችው። ሽንኩርቱን ከተፈች፣ ቁሌቱን አበሰለች፣ እንቁላሉን ቀቀለች። ከዚያ ቢላዋ ይዛ ፊቴ ቆመች።

"በል፣ ያንተ ድርሻ ደርሷል።"

እኔ ደግሞ ደም አልወድም። አልወድም ስል... ቲማቲም ሲቆረጥ ራሱ ፊቴን አዞራለሁ።

"ለምን ራስሽ አታርጂውም?"

"ሴት ያረደችው ይበላል እንዴ?"

"አይበላም ያለው ማነው?"

"ወንድ ነዋ! ሌላ ማን ይላል?"

ከትምህርት ቤት የቀረችኝን እውቀት መዘዝኩ። "የታሪክ መምህራችን ምን ይሉ ነበር መሰለሽ? በጥንት ጊዜ ወንድ ያድናል፣ ሴት ፍሬ ትለቅማለች።"

"አንተ ምን አድነህ ታውቃለህ?"

"ታክሲ።"

"እሱንም ተጋፍቼ ወንበር የምይዝልህ እኔ ነኝ!"

ወደ ነገሥታቱ ዘመን ሸሸሁ። "ወንድ እኮ ጦር ይዞ ይዘምት ነበር።"

"ሴቷስ?"

"ሴቷማ... ከኋላ ስንቁን፣ ድስቱን፣ የወፍጮውን ድንጋይ ተሸክማ..."

"እና ጦር ይከብዳል ድንጋይ?"

አውራ ዶሮው እንኳን አንገቱን አዙሮ ታዘበኝ።

ትርሲት በሩን ከፍታ ወደ ደረጃው ጮኸች፤ "ኧረ የወንድ ያለህ!"

ከሦስተኛ ፎቅ እትዬ አረጋሽ መለሱ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። "ካገኘሽ ለእኔም ላኪልኝ ትርሲትዬ! የእኔም እንደታሰረ ነው!"

"ዶሮውን ነው ወይስ..."

"ሂጂ አንቺ ባለጌ!"

የከሰዓት ፈረቃዋ ደረሰ። ቂሊንጦ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ዋዜማ ብሎ ነገር አያውቁም። ጫማዋን እያሰረች፣ "ሴት የላከው ሞት አይፈራም ይባላል። አንተ ዶሮ ትፈራለህ?" አለችኝ።

"ነገ በጠዋት አርደዋለሁ።"

"ማል!"

"ቁሌቱን!"

ሳቋ ሁለተኛ ፎቅ እስክትደርስ ይሰማኝ ነበር።

ማታ ከሰርቪስ ወርዳ አስፋልቱን ስትሻገር መኪና ገጫት። ሐኪም ቤት አልደረሰችም። ይቺን እንዴት እንደሚጽፏት አላውቅም... ጻፍኳት፣ እለፏት።

ነጋ። አዲስ ዓመት ሆነ። ግቢው ውስጥ የዕድሩ ወንዶች ድንኳን ይተክላሉ፤ ሦስቱ ገመድ ይስባሉ፣ የቀሩት "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!" ይላሉ። ሴቶቹ ቤታችንን ሞልተው ምስር ይለቅማሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ፣ በዚያው ላይ ያለቅሳሉ። ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ! ወንዱ ግን ሲያለቅስ እንኳን ወንበር ይፈልጋል። ትርሲት ብታየን ኖሮ ምን እንደምትል ይታወቀኛል።

ለቅሶው ጋል ሲል በረንዳው ላይ ያ አውራ ዶሮ... "ኩኩሉ!" ሴቶቹ ሁሉ ወደ በረንዳው ዞሩ። ተነሣሁ። ቢላዋውን አነሣሁ።

"ሙሌ! ምን ልታደርግ ነው?" አሉ እትዬ አረጋሽ ደንግጠው።

"ዶሮውን ላርደው።"

"በለቅሶ ቤት? ዛሬ ማን ይበላዋል ብለህ ነው ልጄ?"

"በጠዋት ብያታለሁ፣ እትዬ።"

የትርሲትን ድስት አዩት። እኔን አዩኝ። "እንግዲያው ክንፉን እርገጠው፤ እንዳያመልጥህ" ብለው መንገድ ለቀቁልኝ።

አረድኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ ጣቶቼን አለማረዴ የእሷ ጸሎት ይሆናል። ደሙን ሳየው ግን አልወደቅኩም። ከዚያ አባቶቻችን ሁሉ ሲያደርጉት እንደኖሩት ዶሮውን በእግሩ አንጠልጥዬ ወደ ኩሽና ዞርኩ፤ እጄን ዘረጋሁ።

"ትርሲት፣ እንኪ!"

...

እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነከሱ። በኋላ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጣ ልጄ። መንጨቱ እንኳን የእኛ የሴቶቹ ነው።"

አልሰጠኋቸውም። እጅጌዬን ሰብስቤ ውሃ ጣድኩ። ሲፈላ ዶሮውን ነክሬ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ መንጨት ጀመርኩ። ከታች አንዱ ድንኳን ተካይ አንጋጦ አየኝና፣ "ወንድ ልጅ ላባ ይነጫል እንዴ?" አለ። ላባ ለቀቅኩበት።

"ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል" ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም። ላባ ነጭቶ እንደማያውቅ ግን እምላለሁ፤ ቁሌቱን! አያልቅም...