ወይዘሪትና አስወጋጅ ኮሚቴው

እኔ መኪናን የማየው ከኋላ ነው። ሰው ሁሉ ከፊት ይጀምራል፤ ፊትማ ለማንም ይስቃል። የመኪና እውነተኛ መልክ የሚታወቀው ጥላችሁ ስትሄድ ነው። ይህን የምለው ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ጨብጬ የኖርኩ ሰው ነኝና ግድ የላችሁም እመኑኝ።

ባለፈው ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚኒባስ ስመጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩ ላይ የድሮ መኪና ፎቶ እያየ ይስቃል። "ፋዘር፣ በደርግ ጊዜ ቁንጅና የሚባል ነገር አልነበረም እኮ። መኪናው ሁሉ ሳጥን!" አለኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን መንዜ ነኝ። ጣርማ በር ላይ የጀመርነው ክርክር ሞላሌም አላለቀ።

እርግጥ ዘመኑ የሳጥን ዘመን ነበር። አልክድም። ልብሱ ካኪ፣ ጂፑ ካኪ፣ የሰዉም ፊት ወደ ካኪው ያደላ ነበር። መኪና ሠሪዎቹም በየአገራቸው ማስመሪያ ብቻ ታድሏቸው የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። ታዲያ ዘመኑ ከፋ ተብሎ ቆንጆ አይወለድም? ከደብረ ብርሃን የምትመጣዋን ጣሊያን ሠራሽ አውቶቡስ ያያችሁ መስክሩ። የፊት መስተዋቷ መሐል ለመሐል የተከፈለ፣ መነጽር ያደረጉ መሪጌታ ትመስል ነበር። ዳገቱን ስትወጣ እንኳ አትቸኩልም። ራቤል ገበያ የቆመውን አፍንጫ ሰፊ የራሺያ ካሚዮንስ? አንድ የግሼ ገበሬ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ አይቶት፣ "ይህንን ጠምዶ ያረሰ ሰው ጎተራ አይበቃውም" ብሎ ሄደ። ይህ እንግዲህ ሳጥን ላይ የሚባል ነገር ነው?

ከሁሉም ከሁሉም ግን ወይዘሪት።

ወይዘሪት የመሥሪያ ቤታችን ፒካፕ ነበረች፤ እኔ ሾፌሯ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ ጡረታ በልቼ አዳሪ ነኝ። ፈረንሳይ ሠራሽ ናት፣ ቀለሟ ሰማያዊ። ከፊት ስታዩአት የቤት መኪና፣ ከጀርባ የጭነት። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አይደል የሚባለው? እሷም ማዳበሪያ ተሸክማ ፊቷን ወደ ሠርግ ቤት ያዞረች ትመስላለች። ከፊት መብራቷ ተነስቶ፣ በበሩ እጀታ ሥር አልፎ፣ የኋላ ጎማዋን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ የሚወርድ አንድ መስመር ነበራት። ያንን መስመር የሳለው ሰው ያን ቀን ፍቅር ይዞት ነበር። ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም።

እወዳት ነበር። አላፍርበትም። የመሐል ሜዳ ውርጭ ሞተሯን እንዳይጎዳት ማታ ማታ ኮፈኗን ባና አለብሳት ነበር። ባናው የባለቤቴ ነው፤ ከወላጆቿ ቤት ይዛው የመጣችው፣ ጥሩ የበግ ጠጉር። "እሷ በባና ትደር፣ እኔ በምን ልደር?" ትለኛለች። እኔ ግን ባናውን ይዤ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ። አዲስ ጂፕ ሊሰጠን ነው፤ ግን መጀመሪያ ከአሮጌዎቹ አንዱን አስወግዱ ይላል። ቀላል ነገር ነበር። ጊቢው ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ያላለ፣ የዘበኛው ዶሮዎች የሚፈለፍሉበት አንድ ባለ አራት ማዕዘን ጂፕ ቆሟል። የመሥሪያ ቤታችን ሊቀመንበር ግን ጣቱን የቀሰረው ወይዘሪት ላይ ነው። የዶሮው ጂፕ ቅርጹ "ሠርቶ አደራዊ" ነው አለ። ወይዘሪት ግን የአድኃሪ መደብ መልክ አላት፣ ሠራተኛ ታዘናጋለች፣ ስሟም ራሱ ያለፈው ሥርዓት ርዝራዥ ነው። ትቆራረጥና ጀርባዋ ለእጅ ጋሪ፣ ኮፈኗ ለመሥሪያ ቤቱ ታፔላ ይዋል ብሎ ወሰነ። ያ ባና ያለበስኩት ኮፈን! የመሥሪያ ቤቱ ስም በነጭ ቀለም ተጽፎበት በር ላይ ሊሰቀል! ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ለማስወገድ ታዲያ ኮሚቴ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ንብረት ክፍሉ፣ አራተኛ ደግሞ ከገበሬ ማኅበር አንድ ተወካይ። ውሳኔው የሚጸናው አራቱም ሲፈርሙ ነው። ተወካይ ሆነው የመጡት ጋሽ ወልደየስ ነበሩ።

ጋሽ ወልደየስን አገሩ በሁለት ነገር ያውቃቸዋል። አንደኛ በፈረስ። የጓሳ ጥግ ሰው እሳቸውን ሳያሳይ ፈረስ አይገዛም። ሁለተኛ በሙግት። ለአንዲት የገብስ ማሳ አባታቸው የጀመሩትን የርስት ክርክር ወርሰው፣ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ጎልምሰዋል። በኋላ መሬት ላራሹ ታወጀና ሙግቱ በአንድ ጀንበር ቀረ። ማሳውን አገኙ? አገኙ። ደስ አላቸው? እንጃ። ከባላጋራቸው ጋር ገበያ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይተላለፉ ነበር፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው። የሚናገሩት አጡ፣ አያችሁ።

የምርመራው ቀን ጋሽ ወልደየስ ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ። ሊቀመንበሩ "ይፈርሙና ይሂዱ" ቢላቸው፣ "ሳላይ?" አሉ። ወይዘሪትን አንድ ዙር ዞሯት። ጎማዋን በከዘራ ኳኳ አደረጉ፤ ሰኮና መሆኑ ነው። ከዚያ ፊቷ ላይ ቁጢጥ አሉና፣ ከመብራቶቿ መካከል ያለውን የብረት ፍርግርግ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱት። ፈረስ ዕድሜው በጥርሱ አይደል የሚታወቀው? "አሥራ አንድ ዓመቷ ነው" አሉ። ሮጬ ሊብሬዋን ገለጥኩ። አሥራ አንድ! እርግጥ ዘበኛውን አስቀድመው ጠይቀውት ይሆናል። እኔ ግን ያን ጊዜ አመንኳቸው።

"ትነክሳለች?" አሉኝ።

"አትነክስም፣ ጋሼ።"

"እስቲ ሶምሶማ አስረግጣት።"

አስረገጥኳት። ጊቢውን ሦስት ጊዜ ስዞር ዓይናቸውን ጨፍነው ኮቴዋን ያዳምጣሉ። ሊቀመንበሩ ትዕግሥቱ አለቀና፣ "ጓድ ወልደየስ፣ ይህ እኮ የፈረስ ገበያ አይደለም" አላቸው። እሳቸውም፣ "ቢሆን ኖሮማ ይህን ጊዜ እርስዎን ከገበያው ባስወጡዎት ነበር፤ ሳይጋልቡ ያጣጥላሉ" አሉት።

ገባን፣ ተሰበሰብን። እኔ ቁልፍ ለማስረከብ በር አጠገብ ቆሜአለሁ። ቃለ ጉባኤው ተነበበ፣ ሦስቱ ፈረሙ። ለጋሽ ወልደየስ የአሻራ ቀለም ቀረበላቸው። አውራ ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ወሸቁት።

"ጥፋቷ ምንድን ነው?" አሉ።

ሊቀመንበሩ የአድኃሪ ዘመን ሥራ ናት አለ። ጋሽ ወልደየስ በመስኮቱ ወደ ተራራው አሳዩት። "ያስ የማን ዘመን ሥራ ነው? ከሷ ጋር ይወገዳ!"

ቁንጅና ማዳበሪያ አይጭንም አለ። "ይቺ ስትጭን አይቻለሁ። ያቺ መልከ ጥፉይቱስ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ጫነች? ዶሮ!"

ጸሐፊው ሳቁን ለመደበቅ አቀርቅሮ ያልተጻፈ ወረቀት ማንበብ ጀመረ። ሊቀመንበሩ ያንን አየ። ፊቱ ቀላ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተና፣ "ሚካኤልን! ይቺ መኪና ከዚህ ጊቢ ሳትወጣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም!" አለ።

ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና አለ።

ዘመኑን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ይህ ሰውዬ በየሳምንቱ በውይይት ክበብ ሰብስቦ እግዜር አለመኖሩን የሚያስጠናን ሰው ነው። ግን መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ሲናደድ በምን ይማል? ምን ቢያነብ፣ ምን ቢሰብክ፣ ንዴት ሲመጣ ሚካኤል ይቀድማል። ይህ ስህተት እኛ አገር ብቻ የሚሠራ ስህተት ነው።

ጋሽ ወልደየስ ቀስ ብለው ተነሱ። ጋቢያቸውን እንደ ድሮው ችሎት አጣፍተው ለበሱ። አሥር ዓመት ወደ ኋላ የተመለሱ መሰለኝ።

"ልጄ" አሉት ጸሐፊውን፣ "ቃሉን ሳታጓድል ጻፍልኝ። ጓድ ሊቀመንበሩ በቅዱስ ሚካኤል ምለው መኪናዋን ከሰሱ። ግልባጭ ለአውራጃው።"

የጸሐፊው እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። አንዴ ሊቀመንበሩን፣ አንዴ ጋሽ ወልደየስን ያያል።

"እሱ እኮ... ልማድ ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

"እንግዲያስ ልማድ ነው ማለታቸውም ይጻፍ" አሉ።

ሊቀመንበሩ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። መሐረቡን ኪሱ ከተተና፣ "ጉዳዩ ጥልቅ ጥናት የሚያስፈልገው ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ" አለ። በዚያ ዘመን ለሌላ ጊዜ ይቆይ ማለት ተቀበረ ማለት ነው። ተዝካርም የለው።

ወይዘሪት ዳነች። ኋላ የኮሚቴው ሰዎች ተሟግተው ተሟግተው የዶሮውን ጂፕ አስወገዱት፤ ዘበኛው ብቻ ቅር አለው። የሚገርማችሁ ግን የሊቀመንበሩ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባ ቆሞ መምራት ጀመረ። ለምን ቢባል የሥራ ባህል ነው ይላል። እኛ ግን መሐላውን ሰምተናላ! መኪናዋ ከጊቢው አልወጣችም፤ ወንበሩ ደግሞ ሚካኤል አለበት። እስኪዛወር ድረስ ሰውዬው እግሩ አብጦ ኖረ።

ያን ዕለት ጋሽ ወልደየስን እስከ ጓሳ ጥግ በወይዘሪት አደረስኳቸው። ሲወርዱ እጃቸውን ስሜ፣ "ጋሼ፣ ቁንጅናዋን ያየልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት" አልኳቸው።

"ማን? እኔ?" አሉ። ራቅ ብለው አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ልጄ፣ ሐቁን ልንገርህ? ፈረስ ብትሆን አልገዛትም ነበር። አንገት የላትም።"

ደነገጥኩ። "ታዲያ ለምን ተሟገቱላት?"

"መልከ መልካም ትሁን መልከ ጥፉ፣ በዓይኔ አይቼ አውቃለሁ። በማኅተም ሊነግሩኝ ነው እንዴ?" አሉና ከዘራቸውን አነሱ። ጥቂት እንደሄዱ ዞር ብለው ሳቁ። "ደግሞ ከአዋጁ ወዲህ የረታሁት የመጀመሪያ ሙግቴ ነው። እግዜር ይስጥህ!"

ጎረምሳው ይህን ሁሉ ሰምቶ መሐል ሜዳ ስንወርድ፣ "ታዲያ ፋዘር፣ ቆንጆ ነበረች አልነበረችም?" አለኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ነበረች! አስወጋጅ ኮሚቴው ትወገድ ቢልም፣ ጋሽ ወልደየስ አንገት የላትም ቢሉም ነበረች። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። በአንገቷ ጉዳይ ግን ይግባኝ ብያለሁ። ላይ ቤት ስንገናኝ እንሟገታለን፤ ሚካኤልም ጉዳዩን ከመጀመሪያው ያውቀዋል።