የክፍል አለቃችን ሽማግሌ ያስቀመጠች ዕለት

በዚህች አገር ከማንኛውም ሥልጣን መውረድ ይቻላል፤ ከክፍል አለቃነት ግን አይወረድም። መምህር ጡረታ ይወጣል፣ ርዕሰ መምህር ይዛወራል፣ የመማሪያ ክፍሉ ፈርሶ በቦታው ሌላ ይሠራል። የክፍል አለቃ እስከ ዕለተ ሞቱ የክፍል አለቃ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። የሚኒባሱ ረዳት ዝም ብሎ ሳለ «እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሰው ቆሟል» የሚለው ተሳፋሪ እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ወንበር የሚያስተካክለው፣ ባንክ ቤት ወረፋ የሚያስይዘው፣ የማያውቀው ሰው ፎቶ ሲነሳ «አንተ ረጅሙ፣ ወደ ኋላ» የሚለው እሱ ነው። የሾመው የለም፤ ስለዚህ የሚሽረውም የለም።

የኛ ክፍል ያፈራቻቸው ክብርት የክፍል አለቃ ዝናሽ ኪዳኔ ይባላሉ። ደብረ ታቦር ተወልደው፣ ደብረ ታቦር ተምረው፣ ደብረ ታቦርን በሙሉ እንደ አንድ ክፍል ይዘው የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንቱታው ለወጉ ያህል ነው። እኩያዬ ናት፤ ደግሞም በኋላ እንደምታዩት ላገባት ስለሆነ ከዚህ በኋላ «እሷ» እላታለሁ።

ያኔ መምህር ገና ሳይገባ ጠመኔዋን ይዛ ሰሌዳው ሥር ትቆማለች። «ማነው የሚያወራው?» ትላለች። የሚያወራ የለም። እሷን ግን ዝምታው ራሱ ያጠራጥራታል። የረባሽ ስም ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ «ምን አደረግኩ?» ብሎ የጠየቀ ደግሞ ከስሙ አጠገብ ኤክስ ይጨመርለታል። እኔ የምቀመጠው መስኮት ጥግ ስለነበር፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲገባ የመዝጋት፣ ፀሐይ ስትወጣ የመክፈት ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ስሜ ሀብታሙ ነው፤ እሷ ግን «መስኮት ጥግ» ነበር የምትለኝ። የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር በላይነህ እንኳ፣ ያን ያህል የሚፈሩ ሰውዬ፣ «ዝናሽ፣ እንጀምር?» ሳይሉ ትምህርት ጀምረው አያውቁም።

ትምህርት ጨርሼ ከከተማው ወጣሁ። የመሬት ቀያሽ ሆኜ ስንቱን ወረዳ በሜትር ስለካ ቆይቼ፣ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ። አከራዬ ወይዘሮ ውዴ በገባሁ በሳምንቱ የገብስ ጆንያ አሸክመው ወፍጮ ቤት ላኩኝ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ እቸኩላለሁ። ሰልፉን በጎን አልፌ ጆንያዬን ፊት ላስቀምጥ ጎንበስ ስል ከኋላዬ፣ የወፍጮውን ሞተር አልፎ፣ አንድ ድምፅ መጣ።

«መስኮት ጥግ፣ ተራህን ጠብቅ።»

ማን እንደተናገረ ዞሬ ሳላይ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ራሴን አገኘሁት። ወፍጮ ቤቱ የሷ ነበር። ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ያ ድምፅ ዓመታት ሙሉ ከሞተር ጋር ሲወዳደር ኖሮ አሁን ሞተሩን አሸንፏል። ከፊቴ የነበሩት ገበሬዎች አህዮቻቸውን ጭምር በተራ አቁመዋል። ከጀርባዬ እንዴት እንዳወቀችኝ ብጠይቃት «ያኔም እንደዚሁ ጎበጥ ብለህ ነበር መስኮት የምትዘጋው» አለችኝ።

በዚያው ቀን የክፍላችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጨመረችኝ። የቡድኑ ባለቤት ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሰው ቀልድ ሲልክ «ይህ ለቁም ነገር የተከፈተ ቡድን ነው» ትላለች፤ ቁም ነገር ሲላክ ደግሞ «አሳጥሩ» ትላለች። አዲስ አበባ የሚኖረው በረከት፣ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው፣ የኳስ ወሬ ለጥፎ «በረከት፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ሲባል ወዲያው አጠፋው። ይቅርታም ጠየቀ።

እኔ ግን ገብስ ማስፈጨት አበዛሁ። ወይዘሮ ውዴ «ልጄ፣ በሶ ብቻ በልተን ልንኖር ነው?» እስኪሉኝ ድረስ። ጤፍ ጀመርኩ፣ ከዚያ ስንዴ፣ ከዚያ ያልተላክሁትን ሽንብራ። አንድ ቀን ዱቄቱን እያቀበለችኝ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋፋት እንሄዳለን» አለች። ማስታወቂያ ነበር፤ አስተያየት የሚሰጥበት አልነበረም።

ወደ ጋፋት ኮረብታ የሚወስደው የእግር መንገድ ጠባብ ነው። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በሬ የሚነዱ ሰውዬ ከፊታችን ሲመጡ በሬዎቹን በቀኝ፣ እኔንና ሰውዬውን በግራ አሳለፈችን። ሰውዬው አመስግነው ሄዱ። እላይ ስንደርስ ቆም አለችና፣ የቤት ሥራ እንደምትሰበስብ ሁሉ፣ «ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» አለችኝ።

«መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ እንጂ» አልኩ።

«ጠይቀኝ እንግዲህ።»

ጠየቅኳት። «ጥሩ። አሁን ሽማግሌ ላክ» አለች።

አባቷ መሪጌታ ኪዳኔ ናቸው። ስንት ዲያቆንና ስንት ቄስ ከእጃቸው የወጣ፣ አገሩ ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው የዜማ መምህር። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ፣ ከአክስቷ ከጥሩወርቅ ጋር፣ አብረው ይኖራሉ። የኔታን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በየዓመቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ትወስዳቸዋለች። ያየ ሰው እንደነገረኝ እዚያም ወረፋ አስይዛለች። ጉልበት የሚያመው መጀመሪያ፣ ወገብ ቀጥሎ፣ ለመዝናናት የመጣ መጨረሻ። ሆዱን ያመመውን አንድ ነጋዴ «አንተን የሚያሽርህ ሐኪም ነው» ብላ ልብሱን ሳያወልቅ መልሳዋለች።

አባቴ በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌዎቼን በጥንቃቄ መረጥኩ። አንደኛው መምህር በላይነህ ናቸው፤ ሁለታችንንም አስተምረዋል። ሁለተኛው አጎቴ አቶ ወርቁ፣ ሦስተኛው ቄስ አስረስ። በኛ አገር ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። የቤቱ ጌታ «ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ኃይላቸው እዚያ መቆማቸው ላይ ነው። የተከበረ ሽማግሌ ቤትህ ውስጥ ቆሞ ሲደክመው እያየህ ስንት ጊዜ ዝም ትላለህ? የተቀመጠ ሽማግሌ ግን ልመናውን የተወ ተራ እንግዳ ነው።

እሁድ ሄዱ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደባቸው ላይ ነበሩ። «ኑ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«የኔታ፣ ቁም ነገር ይዘን ነው የመጣነው። ሳይሰማልን አንቀመጥም» አሉ መምህር በላይነህ።

የኔታ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ዝም አሉ። ሦስቱም ቆሙ። ዝናሽ ከመጋረጃው በስተጀርባ ጓዳ ውስጥ ናት። በመጋረጃው ሥር የሚታያት የተገተረ እግር ብቻ ነው፤ ያውም በር ላይ፣ መተላለፊያ ዘግቶ። የቆመ ሰው አይታ ዝም ማለት ደግሞ ከልጅነቷም አልፈጠረባትም። በዚያ በወፍጮ ቤት ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ምን ትገተራላችሁ? ቁጭ በሉ እንጂ፣ መተላለፊያ ዘጋችሁ።»

ተቀመጡ። መምህር በላይነህ የተቀመጡት ያ ድምፅ ለዓመታት ክፍሉን ሥርዓት ሲያስይዝላቸው ስለኖረ ነው። አጎቴ ወርቁ የተቀመጡት እህላቸውን እዚያ ወፍጮ ቤት ስለሚያስፈጩ ነው። ቄስ አስረስ ደግሞ ሁለቱ ሲቀመጡ ብቻቸውን መቆም ከበዳቸው። የኔታ ሦስቱንም በየተራ አዩና «ጥሩወርቅ፣ ምሳ አቅርቢ። እንግዶቼ ተቀምጠዋል» አሉ። በሉ፣ መረቁ፣ ወጡ። ስለኔ አንድ ቃል አልተነሳም።

«እንዴት ሆነ?» ብዬ በር ላይ ተቀበልኳቸው። አጎቴ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ሽሮው ጥሩ ነበር» አሉ።

ወሬው በማግስቱ ሰኞ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ደርሶ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፤ የኔታ በጾም የሰርግ ወሬ አይሰሙም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እምቢ ካሉ ዝናሽ የአባቷን ቃል እንደማታፈርስ ማወቄ ነው። ሕግ አስከባሪ የወደደ ሰው ይህን መቀበል አለበት። ወፍጮ ቤት ስሄድ ሞተሩን አጥፍታ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ስሜን ጻፍ» አለችኝ።

«ተዪ እባክሽ።»

«ኤክስም ጨምርበት።»

ጾሙ ሊገባ ሲል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሄዱ። መምህር በላይነህ አስቀድመው ዝናሽን ጠርተው «ልጄ፣ ዛሬ ጣራው ቢወድቅ እንኳ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ» አሏት። በሕይወታቸው እሷን ያዘዙበት የመጀመሪያው ቀን ነው። የሆነውን አጎቴ በኋላ ነገሩኝ። ገቡ፣ ተቀመጡ ተባሉ፣ አልተቀመጡም። ቄስ አስረስ የሁለታችንን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያገናኘን ሥጋ እንደሌለ አስረዱ። የኔታ መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ የለም፤ ጥሩወርቅ እንዳለችው ዝናሽ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ነበር።

ቆይተው ቆይተው የኔታ ተናገሩ።

«ልጁን አልጠላሁትም። አባቱንም አውቃቸው ነበር፣ ደግ ሰው ነበሩ። ግን እናንተ ንገሩኝ። ጠዋት መድኃኒቴን እንድውጥ፣ ብርድ ሳይገባ ጋቢዬን እንድደርብ፣ በጭቃው እንዳልወጣ የሚከለክለኝ ማን ሊሆን ነው? ሌላውን ሰው ሁሉ እኔ ነኝ የማዘው። እኔን የምታዝ አንድ ሰው እሷ ናት። ተዉልኝ ማለት አፍሬ ነው ያን ዕለት ዝም ያልኩት።»

ሽማግሌዎቹ ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ስለ እኔ ጠባይ ነበር። በመጨረሻ አጎቴ ወርቁ፣ ጉልበታቸው ስላስጨነቃቸው ይሁን ብልሃት መጥቶላቸው፣ እንዲህ አሉ፦

«የኔታ፣ ልጁ የሚኖረው ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ነው። እዚያ ሆና ስትናገር እኔ ገበያ መሃል ሆኜ ተራዬን አስተካክላለሁ። እዚህ የማይደርስ መስሎዎት ነው?»

የኔታ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዓይናቸውን ጠረጉና «በሉ ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ» አሉ።

እኔ በዚያ ሰዓት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። የዝናሽ ሠራተኛ ሙላቴ ብቻውን ነው የሚፈጨው። የቅዳሜ ገበያተኛ መጥቶ ሰልፍ የሚባል ነገር ጠፍቷል። አንዱ ጆንያውን በሌላው ጆንያ ላይ ይጭናል፤ ሁለት ሴቶች «እኔ ነኝ ቀዳሚ» ይባባላሉ፤ አህዮች እርስ በርስ ይራገጣሉ። ሙላቴ «ኧረ ተራ ያዙ» ቢል የሚሰማው የለም። እምቢ ብለው ከሆነ ቀሪው ዕድሜዬ ይህን እንደሚመስል አሰብኩ። ስልኬ ጮኸ።

«አባ ሰጡ» አለች።

እኔ ትእዛዝ ጠበቅኩ። የትኛውን ኮት እንደምለብስ፣ ለማን መጀመሪያ እንደምደውል፣ ቀለበቱ ከየት እንደሚገዛ። ምንም የለም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

«ዝናሽ?»

«ምን እንደማደርግ አላውቅም» አለች። ታለቅስ ነበር።

ዝናሽ ኪዳኔ «አላውቅም» ስትል ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ አድርጌ እንደምወዳት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር።

«አልቅሺ፤ እየመጣሁ ነው። እስክደርስ ከዚያ እንዳትንቀሳቀሺ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ፤ የክፍል አለቃን ያዘዘ ሰው ነኝ። የሚመጣብኝን ጠበቅኩ።

«እሺ» አለችኝ፣ በቀጭን ድምፅ።

ጆንያውንም አህያውንም እየዘለልኩ ሮጥኩ።